ጨጓራ ሥጋ ይፈጫል፤ ራሱን ግን ለምን አይፈጭም?

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ጨጓራችሁ ሥጋ ነው። የበላችሁት ጥብስም ሥጋ ነው። ጥብሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፣ ጨጓራው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ምግብ ይጠብቃል። «የሰው ሥጋ ስለሆነ ይሆናላ» እንዳትሉ ደግሞ ዱለት አለ። ዱለት ስንበላ የበግ ጨጓራ በራሳችን ጨጓራ እየፈጨን ነው፣ የሁለቱ ሥሪት ደግሞ ያን ያህል አይራራቅም።

መልሱን ለማግኘት ሥጋውን የሚቆራርጡትን ነገሮች ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንዛይም ይባላሉ። እነሱ ራሳቸው እንደ ሥጋው ፕሮቲን ናቸው። የሚመረቱት ሴል ውስጥ ነው፣ ሴሉም በፕሮቲን የተሞላ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን የሚቆርጥ ነገር፣ ፕሮቲን በሞላበት ቦታ ተሠርቶ፣ ምንም ሳይነካ ወጥቶ፣ ውጭ ሲደርስ ብቻ ሥራ መጀመር አለበት። ስለ ምግብ መፈጨት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው አሲድን ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። መቁረጥ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ቦታው እስኪደርስ ድረስ ሳይቆርጡ መቆየት ነው።

«ውጭ» የምለው የት እንደሆነ ላስረዳ። ሆዳችሁ ውስጥ ያለ ምግብ ሰውነታችሁ ውስጥ ገና አልገባም። ከአፍ ተነስቶ ፊንጢጣ ላይ የሚያበቃው መንገድ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ረጅም ቱቦ ነው። ሕፃን ልጅ ሳንቲም ውጦ ከቀናት በኋላ በሰገራው ሲወጣ፣ ሳንቲሙ በቱቦው አለፈ እንጂ አንድም ሴል ውስጥ አልገባም፣ ደሙንም አልነካም። የዋጥነው ሥጋም እንደዛው ነው። የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ገና ደጅ ነው። ፕሮቲን በዋናነት የሚቆራረጠውም እዚያው ደጅ፣ ከሴሎች ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው።

ለምን ውጭ? ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ። አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ትንንሽ ሞለኪውሎች በተለያየ ቅደም ተከተል ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው፣ ያውም የተጣጠፈና የተጠቀለለ። ኢንሱሊን ከትንንሾቹ ነው፣ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ አለው። በደማችን ፈሳሽ ክፍል ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልቡሚን 585 አለው። ጡንቻ ውስጥ ያለው ታይቲንማ ከ30,000 በላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሴልን ሽፋን ዝም ብሎ አያልፍም። ቢያልፍም አይጠቅመንም፣ እንዲያውም የሰውነታችን መከላከያ ባዕድ ነገር ገባ ብሎ ሊነሳበት ይችላል። ሰውነታችን የበሬውን ፕሮቲን እንዳለ አይፈልገውም። አሚኖ አሲዶቹን ነው የሚፈልገው፣ ከዚያ በራሱ ቅደም ተከተል የራሱን ይሠራል። ከሽሮ ይምጣ ከክትፎ፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያው ላይሲን ነው።

ይህ ሥራ ከሰውነት ውጭ ሊሠራ እንደሚችል የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ድሮ ብዙዎች ጨጓራ ምግቡን ጨምቆና ደቁሶ የሚፈጨው ይመስላቸው ነበር። በ1752 ሬኦሙር የሚባል ፈረንሳዊ ሥጋ በብረት ቱቦ ውስጥ አድርጎ ለጭልፊት አዋጠ። ብረቱ ሥጋውን ከመደቆስ ይጠብቀዋል፣ ጫፎቹ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ግን ፈሳሽ ይገባል። ወፏ ቱቦውን መልሳ ስትተፋው ሥጋው ሟሙቷል። የሚሠራው ፈሳሹ ነው ማለት ነው።

ከዚያ የአሌክሲስ ሴንት ማርቲን ታሪክ መጣ። በሰኔ 1822 ማኪናክ በምትባል የአሜሪካ ደሴት ላይ፣ በእንስሳት ቆዳ ንግድ ተቀጥሮ የሚሠራ ይህ ካናዳዊ ወጣት በድንገት በተተኮሰ ጥይት ሆዱ አካባቢ ተመታ። ይሞታል ተብሎ ነበር፣ ተረፈ። ቁስሉ ዳነ፣ ቀዳዳው ግን ሳይዘጋ ቀረ፣ ከውጭ በቀጥታ ጨጓራው ድረስ የሚያስገባ ቀዳዳ። ያከመው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ምግብ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባ ነበር፣ ከዚያ በየሰዓቱ እየሳበ ምን ያህል እንደሟሟ ያያል። በኋላ ደግሞ ከጨጓራው ፈሳሽ ቀድቶ በዕቃ አደረገ፣ የበሬ ሥጋ ጨመረበት፣ በሰውነት ሙቀት ልክ አሞቀው። ሥጋው እዚያው ዕቃ ውስጥ በሰዓታት ሟሟ። ጨጓራ የለም፣ ሕይወት ያለው ሰውነት የለም፣ ፈሳሽና ሥጋ ብቻ። ቦሞንት በ1833 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ፣ ስሙም ገነነ። ሴንት ማርቲን ግን ድሃ ሠራተኛ ነበር፣ ለዓመታት ሆዱን ለሙከራ ሲሰጥ የኖረ። ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ከሐኪሙ በፊት የሱ ስም ቢነሳ ደስ ይለኛል።

አሲዱ ብቻውን ግን ሥጋን እንዲህ ቶሎ አያሟሟም። በ1836 ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን ፈሳሹ ውስጥ ከአሲዱ ሌላ የሚሠራ ነገር እንዳለ አሳየ፣ ፔፕሲን ብሎም ጠራው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል።

ፔፕሲንን የሚሠሩት የጨጓራ ሴሎች ፔፕሲን አድርገው አይሠሩትም። ፔፕሲኖጅን አድርገው ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ 44 አሚኖ አሲድ ያህል የሚረዝም ተጨማሪ ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ መቁረጫው ቦታ ላይ ተጠምጥሞ ይሸፍነዋል፣ ልክ ቢላ በሰገባው እንደሚቀመጥ። ሰገባው ውስጥ እያለ ምንም አይቆርጥም፣ ስለዚህ ሴሉ ያለ ስጋት አከማችቶ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ ሲመጣ ወደ ውጭ ይለቀዋል።

ሰገባውን የሚያወልቀው አሲዱ ነው። ያ አሲድ ደግሞ ከሌሎች፣ ከጎረቤት ሴሎች ነው የሚመጣው። አንዱ ቢላውን በሰገባው ይልካል፣ ሌላው አሲዱን ይልካል፣ ሁለቱ የሚገናኙት ውጭ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል፣ 7 ገለልተኛ ነው) ወደ 2 አካባቢ ሲወርድ ያ ተጨማሪ ቁራጭ ይላቀቅና ፔፕሲኑ መቁረጥ ይጀምራል። የተከፈተው ደግሞ የሌሎቹን ሰገባ እየቆረጠ ይከፍታቸዋል። እዚያው ላይ አሲዱ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል፦ የተጣጠፈውን የምግብ ፕሮቲን ይፈታታዋል፣ ውስጥ የተደበቁት መገጣጠሚያዎች ይጋለጣሉ። ሆዳችን ውስጥ የዋለ ወተት ሲያስመልሰን የረጋ ሆኖ የሚወጣውም ፕሮቲኑ በአሲድና በኢንዛይም ስለተነካ ነው።

እሺ፣ ውጭ ሲወጣ ከሰገባው ወጣ። ታዲያ ያኔስ የጨጓራውን ግድግዳ ለምን አይበላውም? ግድግዳው ላይ ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን አለ። ሴሎቹ ከሥሩ ባይካርቦኔት ይለቃሉ፣ ይህም አሲዱን ያከሽፈዋል። ስለዚህ መሀል ላይ ፒኤቹ 2 ቢሆንም ሴሉ አጠገብ ወደ 7 ይጠጋል፣ እዚያ ፔፕሲን አቅም የለውም። ሽፋኑን አልፎ የሚጎዳ ነገር ቢኖር እንኳ የላይኞቹ ሴሎች በየጥቂት ቀኑ በአዲስ ይተካሉ። የዱለቱ ጨጓራ ይህ ሁሉ የለውም። የሞተ ሥጋ ሽፋን አያመነጭም፣ ራሱን አይተካም። ስለዚህ ይፈጫል። ጨጓራችንን የሚጠብቀው የተሠራበት ነገር ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህ ጥበቃ ሲላላ ነው ቁስለት የሚመጣው። እኛ አገር «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ጥፋቱም ሁልጊዜ በበርበሬና በጭንቀት ላይ ይላከካል። ዋናዎቹ የቁስለት ምክንያቶች ግን ሌሎች ናቸው። አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፣ እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማብዛት ነው፣ ምክንያቱም ሽፋኑ እንዲመረት የሚያዘውን ምልክት ይቀንሳሉ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ለወራት ሲዋጥ የሚኖር ክኒን ጨጓራን ሊያቆስል ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ማወቅ አለበት።

ጨጓራ ግን የፕሮቲን መፈጨት መግቢያው ብቻ ነው። በ1897 ዙሪክ ውስጥ ካርል ሽላተር የሚባል ቀዶ ሐኪም የአንዲት ሴት ጨጓራ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሴትየዋ ኖራለች። ዛሬም በካንሰር ምክንያት ጨጓራቸው የወጣላቸው ሰዎች ትንሽ ትንሽ እየበሉ፣ ቫይታሚን ቢ12 እየተወጉ ይኖራሉ፣ ሥጋም ይፈጫሉ። ምክንያቱም ትልቁ ቆረጣ የሚካሄደው ቀጥሎ፣ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው።

እዚያ ባለቤቱ ቆሽት ነው፣ ስንናደድ አረረ የምንለው። ቆሽት በቀን ወደ 1.5 ሊትር ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል። ፈሳሹ ባይካርቦኔት ስላለበት ከጨጓራ የመጣውን አሲድ ያከሽፈዋል፣ ፔፕሲንም ሥራውን ያቆማል። በፈሳሹ ውስጥ አዲስ ቢላዎች አሉ፣ ሁሉም በሰገባቸው፦ ትሪፕሲኖጅን፣ ካይሞትሪፕሲኖጅን፣ ፕሮኢላስቴዝ፣ ፕሮካርቦክሲፔፕቲዴዝ። ስማቸው ይከብዳል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እዚህ ግን አሲድ ሰገባውን አያወልቅም። ማን ያወልቀዋል? በ1899 በፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ (አዎ፣ የውሾቹ ፓቭሎቭ፣ ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ሥራው ነው) ሼፖቫልኒኮቭ የሚባል ተማሪ አንድ ነገር አየ። የቆሽት ፈሳሽ ብቻውን ፕሮቲን ላይ ደካማ ነው። ከአንጀት ግድግዳ የሚገኝ ፈሳሽ ሲጨመርበት ግን ወዲያው ይበረታል። ያንን የሚያደርገው ኢንዛይም ኢንተሮኪኔዝ ይባላል፣ ተተክሎ የሚገኘውም በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ነው። ትሪፕሲኖጅን ሰንሰለት ላይ አራት አስፓርቲክ አሲድና አንድ ላይሲን ተከታትለው የሚገኙበት ቦታ አለ፣ ኢንተሮኪኔዝ ያንን ይለይና እዚያ ይቆርጣል። ትሪፕሲን ተወለደ። ከዚያ ትሪፕሲን የቀሩትን ሁሉ ይከፍታል፣ ትሪፕሲኖጅኖችንም ጨምሮ።

አስተውሉ፦ የመጀመሪያውን ሰገባ የሚያወልቀው እጅ ቆሽት ውስጥ የለም። አንጀት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ቢላው መክፈቻው ጋ የሚደርሰው ከቆሽት ከወጣ በኋላ ነው። ስለ ጉዳዩ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ቆረጣው ራሱ እንዴት ነው? ሁለት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበትን መገጣጠሚያ የሚፈታው ውሃ ነው። ግን ውሃ ብቻውን በጣም ዘገምተኛ ነው፣ ያለ ኢንዛይም፣ በክፍል ሙቀት፣ ከመገጣጠሚያዎቹ ግማሾቹ እስኪፈቱ መቶዎች ዓመታት ይፈጃል። ትሪፕሲን ያንን ሥራ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይሠራዋል። መቁረጫው ቦታ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶች አብረው ይሠራሉ፦ ሴሪን፣ ሂስቲዲንና አስፓርቲክ አሲድ። ሂስቲዲኑ፣ አስፓርቲክ አሲዱ እየደገፈው፣ ከሴሪኑ ላይ ፕሮቶን ይወስድበታል፤ ያኔ ሴሪኑ ቁጡ ይሆንና መገጣጠሚያውን ይይዛል፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ አንዱ ወገን ይሄዳል፣ ሌላው ወገን ለቅጽበት ሴሪኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ ውሃ መጥቶ ያላቅቀዋል። ኢንዛይሙ እንደነበረ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ዝግጁ ነው።

ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይቆርጡም። ትሪፕሲን ላይሲን ወይም አርጂኒን ያለበትን ፈልጎ ከሱ ቀጥሎ ይቆርጣል። ካይሞትሪፕሲን ትላልቆቹን፣ እንደ ፌኒልአላኒንና ታይሮሲን ያሉትን ይመርጣል። ኢላስቴዝ ትንንሾቹን። እነዚህ ሰንሰለቱን ከመሀል ይበጥሱታል፣ ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ አንድ አንድ እያለ ይለቅማል። አንዱ ያለፈውን ሌላው ያገኘዋል። ብዙ ዓይነት ቢላ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሥራ የጨረሱት ኢንዛይሞችም ራሳቸው በመጨረሻ ተቆራርጠው እንደ ምግብ ይገባሉ፣ ሰውነት የራሱን ፕሮቲን አያባክንም።

የመጨረሻው ቆረጣ የአንጀት ግድግዳ ላይ ነው። የግድግዳው ሴሎች ወደ ቱቦው በሚያየው ፊታቸው ላይ ኢንዛይም ተክለዋል፣ እሱ የቀሩትን አጫጭር ቁርጥራጮች ያሳጥራል። ብቻቸውን የቀሩት አሚኖ አሲዶች በየራሳቸው በር ይገባሉ። ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙትም ሳይለያዩ የሚገቡበት በር አለ፣ እነሱ ሴሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ይለያያሉ። ከዚያ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበት። አሁን ገና ነው ምግቡ ሰውነታችሁ ውስጥ የገባው።

ስለ ጥበቃው ሳወራ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥበቃው ሲሰበር ሰው ይሞታል። ትሪፕሲን ቆሽት ውስጥ እያለ ከተከፈተ የቀሩትን ቢላዎች በሙሉ ይከፍታል፣ ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ይሄ የቆሽት መቆጣት ይባላል። ሃንስ ኪያሪ የሚባል ሐኪም በ1896 ፕራግ ውስጥ «ቆሽት ራሱን እየፈጨ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ልክ በመቶኛው ዓመት፣ በ1996፣ በሽታው በዘር የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ሲጠኑ ችግሩ የትሪፕሲኖጅን ጂን ላይ ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትሪፕሲን በስህተት ቆሽት ውስጥ ቢከፈት አንድ ማምለጫ አለ፦ ሰንሰለቱ ላይ 122ኛው አሚኖ አሲድ አርጂኒን ነው፣ ትሪፕሲን ደግሞ አርጂኒን አጠገብ ይቆርጣል፣ ስለዚህ አንዱ ትሪፕሲን ሌላውን እዚያ ቆርጦ ያጠፋዋል። እነዚያ ቤተሰቦች ውስጥ ያ አርጂኒን በሂስቲዲን ተተክቷል። መቆረጫው ጠፋ። የተከፈተው ሳይጠፋ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ቆሽት የራሱ መከላከያ ፕሮቲን አለው፣ የተከፈተ ትሪፕሲን ላይ ተጣብቆ አፉን የሚዘጋ፣ እሱም የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ።

በዘር የሚመጣው ጥቂት ነው። በብዛት የሚያመጡት የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው። ምልክቱን እወቁት፦ የላይኛው ሆድ ላይ ድንገት የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማይለቅ ኃይለኛ ሕመም፣ ብዙ ጊዜ ከማስመለስ ጋር። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብላችሁ ኦሜፕራዞል ውጣችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ሂዱ። ሊፔዝ ወይም አሚሌዝ የሚባሉትን የቆሽት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ለክተው ይለዩታል።

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ ብዙ ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። ለምሳሌ ስኳር ያለባቸው ዘመዶቻችን «ኢንሱሊን ለምን በክኒን አይመጣም?» ይላሉ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ነው። ብትውጡት ሆዳችሁ ከጥብሱ ለይቶ አያየውም፣ ደም ሳይደርስ ይቆራረጣል። የኢንሱሊን ግኝት ታሪክ ራሱ ከእነዚህ ቢላዎች ጋር የተያያዘ ነው። ካናዳዊው ፍሬድሪክ ባንቲንግ በ1920 መጨረሻ ላይ ያሰበው፣ ከቆሽት ኢንሱሊኑን ለማውጣት ሲሞከር የሚያበላሹት የቆሽት ኢንዛይሞች ናቸው ብሎ ነው። ስለዚህ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ከቻርልስ ቤስት ጋር የውሾችን የቆሽት ቱቦ አሰሩ፣ ኢንዛይም የሚሠሩት ሴሎች እንዲሞቱና ኢንሱሊን የሚሠሩት እንዲቀሩ። በኋላ ሲታይ ያ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር፣ ከሙሉ ቆሽትም አሲድ ባለበት አልኮል ኢንሱሊኑን ማውጣት ይቻላል፣ ኢንዛይሞቹ እዚያ አይሠሩም። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። ከመቶ ዓመት በኋላም መርፌው አልቀረም። ሰማግሉታይድ የሚባለው፣ እሱም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት የሆነው የስኳር መድኃኒት አሁን በክኒን አለ፣ ግን ክኒኑ ውስጥ ጨጓራው ላይ ባረፈበት ቦታ አሲዱን የሚያረግብ፣ ፔፕሲንን የሚያሰንፍ ነገር ተጨምሮበት ነው፣ ያም ሆኖ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው።

ኮላጅንም ያው ነው። ዱቄቱን ጠጡ፣ የቅልጥም መረቅ ጠጡ፣ ኮላጅኑ እንዳለ ወደ ፊታችሁ ቆዳ ወይም ወደ ጉልበታችሁ አይሄድም። ይቆራረጣል። አንዳንድ ሁለት ሁለት ሆነው የተያያዙ ቁርጥራጮች ደም ውስጥ መግባታቸው እውነት ነው፣ ግን ሰውነት የት እንደሚያውላቸው እናንተ አታዙም። መረቁን ስለሚጥማችሁ ጠጡት፣ ይጥማል። ለዱቄቱ የሚጠየቀውን ገንዘብ ግን ሁለቴ አስቡበት።

በሱቅ የሚሸጡት «የምግብ መፍጫ ኢንዛይም» ክኒኖችም አሉ። ጤነኛ ቆሽት ያለው ሰው ግን ከሚበቃው በላይ ኢንዛይም አለው። በሐኪም የሚታዘዙት ግን ሌላ ናቸው፣ ቆሽታቸው በበሽታ የደከመ ሰዎች ያለ እነሱ ምግብ አይፈጭላቸውም። የጨጓራው አሲድ እንዳያበላሻቸው ልዩ ሽፋን አላቸው፣ የሚወሰዱትም ከምግብ ጋር ነው። በአብዛኛው የሚሠሩት ከአሳማ ቆሽት መሆኑን ግን ብዙ ሰው አይነገረውም። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ መድኃኒቱን በራሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪሙንም የሃይማኖት አባታችሁንም አማክሩ።

ከሚገዛው ነገር ሁሉ ይልቅ የሚረዳው እሳት ነው። ሙቀት እንደ አሲዱ የተጣጠፈውን ፕሮቲን ይፈታል። ቤልጅየም ውስጥ ተሠርቶ በ1998 በታተመ ጥናት፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ሲለካ፣ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ያህሉ ሲፈጭ ከጥሬው ግን 51 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የተፈጨው። ጡንቻ እሠራለሁ ብላችሁ ጥሬ እንቁላል የምትጠጡ ካላችሁ ግማሹን እየደፋችሁት ነው። ጥራጥሬ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጥሬ አኩሪ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ውስጥ ትሪፕሲን ላይ ተጣብቆ እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ፕሮቲን አለ። አኩሪ አተር ላይ በጣም ብዙ ነው። ሙቀት አብዛኛውን ያጠፋዋል። እናቶቻችን ለሽሮ የሚሆነውን አተርና ሽምብራ ቀቅለው ወይም ቆልተው፣ ፈጭተው፣ እንደገና ምጣድና ድስት ላይ የሚያንተከትኩት በዚህ በኩልም ልክ ናቸው። በጾም ወራት ብዙው ፕሮቲናችን ከነዚህ ስለሆነ በደንብ ማብሰል ለውጥ አለው፣ በተለይ ለልጆች ገንፎ አኩሪ አተር ስትቀላቅሉ ዱቄቱ በደንብ የተቆላ ይሁን።

ጥሬ ሥጋስ? ሥጋ ከእንቁላል ይለያል፣ ጥሬውንም በደንብ እንፈጨዋለን። በዚህ በኩል ቁርጥ ወዳዶች አትስጉ። ስጋቱ ሌላ ነው፣ የኮሶ ትል። የትሉ እጭ ከሥጋው ጋር ሲዋጥ ኢንዛይሞቻችን አያጠፉትም። እንዲያውም የጨጓራው ፈሳሽና ሐሞቱ ከከረጢቱ እንዲወጣ ይረዱታል። ከዚያ ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ ትሪፕሲን በሚፈስበት መሀል ለዓመታት ይኖራል፣ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ቆዳው በሕይወት እስካለ ድረስ ቢላዎቹን ይቋቋማል፣ ልክ እንደ ጨጓራችን ግድግዳ። ደግሞ ትሉ አፍም አንጀትም የለውም። ፕሮቲን መቁረጥ አያስፈልገውም፣ እኛ ቆርጠን ያዘጋጀነውን አሚኖ አሲድ በቆዳው ይመጠዋል። እጩን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሥጋው መሀሉ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ። ስለዚህ ክትፎ ለብለብ ሲደረግ ላዩ ይሞቃል እንጂ እጩ ሊተርፍ ይችላል፣ በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ ደግሞ አይሞትም። ጥሬውን የምትበሉ ከሆነ ቢያንስ በቄራ ተመርምሮ የታረደ መሆኑን ጠይቁ፣ ምርመራው ሁሉንም እጭ እንደማያገኝም እወቁ።